የፈረመ ይሳፈራል

ሠላሳ ዓመት አውቶቡስ ሲጠግኑ የኖሩት ፎርማን የወንድማቸውን ልጅ ያገኟት እንደ ማንም ሰው ተሰልፈው አውቶቡስ ሲጠብቁ ነው። ልጅቱ የሰውን ጠባይ አጥንታ፣ ለአንድ ድርጅት ሠራተኛ ትመርጣለች፤ ዘመዱ ሁሉ «ሐሜት በዲግሪ ተማረች» ይላታል። ሰላምታው ሳያልቅ ብብታቸው ሥር ያለውን አቃፊ አየችና ምንነቱን ጠየቀች።

የአሥራ ሁለት አውቶቡሶች የፍሬን ፍተሻ ቅጽ ነው። የተፈተሹት አምስቱ ብቻ ናቸው። ሠራተኛው «አፈ ቅቤ» የሚለው አዲሱ ሥራ አስኪያጅ ግን ሁሉም ነገ ጠዋት ተፈርሞ እንዲቀርብለት ይፈልጋል። ትከሻቸውን አቅፎ፣ ስለ ወገባቸው ሕመም ጠይቆ ነው ያዘዛቸው።

«ጎበዝ ሰው ነው» አሉ ፎርማኑ። «የቀድሞው አለቃ አንድ ሰው ሲያሰናብት ሦስት ቀን እህል አይቀምስም ነበር። ይሄ ስድስት ሰው አባሮ ምሳውን በላ። አለቃ ልቡ ካልደነደነ ምን አለቃ ነው?»

«ስድስቱ ምን አጠፉ?»

ፎርማኑ የሁለቱን ነገሯት። አንዱ ያለቀ የፍሬን ሸራ አልገጥምም ያለ ነበር። አንዷ ደግሞ ሥራ አስኪያጁ የራሱ አስመስሎ ያቀረበውን ጥናት የሠራችው ናት።

«አጎቴ፣ ሠራተኛው ተረቱን ለምን ግማሹን ብቻ ይጠራል? ልበ ጩቤ የት ሄደ?»

«ክፉ ሰው እኮ ይቆጣል። ይሄ ድምፁን እንኳ ከፍ አያደርግም።»

«የሚቆጣ ሰውማ ቢያንስ የሚሰማው ነገር አለ። ጸጸት የማያውቅ ሰው ቶሎ የሚወስነው ጎበዝ ስለሆነ አይደለም፤ የሚዛኑ አንድ ወገን ባዶ ስለሆነ ነው።»

ፎርማኑ ይህ የመጽሐፍ ወሬ ነው ብለው አጣጣሉባት። እሷም ክርክሩን ትታ፣ ልጅ ሳለች ከጋራዡ በታች ባለው ቁልቁለት ግርጌ ቆማ ታያቸው እንደነበር አስታወሰቻቸው። በጋራዡ የፍሬን ቅጽ የፈረመ ሰው በመጀመሪያው ጉዞ ከሹፌሩ አጠገብ ተቀምጦ ቁልቁለቱን ይወርድ ነበር። ያ ደንብ የት ደረሰ ብላ ጠየቀች። ሰዓት ያባክናል ብሎ አፈ ቅቤ አስቀርቶታል።

«እንግዲያው ነገ ይጋብዙት» አለች።

በማግስቱ ፎርማኑ ቅጹን ሥራ አስኪያጁ ጠረጴዛ ላይ ዘረጉ። «እፈርማለሁ። ግን በጥንቱ ደንብ፣ ካልተፈተሹት በአንዱ እኔና እርስዎ ከፊት ተቀምጠን ቁልቁለቱን እንወርዳለን።»

ሥራ አስኪያጁ ፈገግታው ሳይጓደል «እኛ ምን በወጣን፣ አባቴ? ሹፌሩ ይውረድ» አለ። «ሹፌር እንደሆነ ማስታወቂያ ቢወጣ በነጋታው መቶ ይመጣል።»

ስለ ወገባቸው የጠየቀበት ድምፅ ነበር፤ ያው ልስላሴ፣ ያው ዜማ። የልጅቱ ክርክር ፎርማኑን የረታቸው ያኔ ነው። አምስቱን ፈረሙ፤ በሰባቱ ላይ «አልተፈተሸም» ብለው ጻፉና ግቢ ወጥተው ለሹፌሮቹ አነበቡላቸው። የሰባቱን ቁልፍ የሚነካ ጠፋ። ሲፈተሹ ሦስቱ ፍሬናቸው ቁልቁለቱን የማያስጨርስ ሆኖ ተገኘ።

ነገሩ የበላዮቹ ዘንድ ደርሶ ሥራ አስኪያጁ በወሩ ተሰናበተ፤ የስንብት ንግግሩ ሁለት ሰው አስለቀሰ። የተባረሩት ስድስቱ ተመለሱ። ልጅቱም አዲሱን አለቃ ለመምረጥ ተጠርታ፣ ተወዳዳሪዎቹን ሁሉ «የፈረሙበት ላይ ይሳፈራሉ?» እያለች ጠየቀች። ከዚያ ወዲህ ተሳፋሪው መቀመጫውን ሳይጨብጥ ቁልቁለቱን ይወርዳል፤ አልገጥምም ያለ መካኒክም ይመሰገናል እንጂ አይባረርም።

ፎርማኑ ዛሬም አቃፊውን ጭናቸው ላይ አድርገው ከሹፌሩ አጠገብ ይቀመጣሉ፣ ወገባቸውን እንደ ሙሽራ ቀጥ አድርገው። አንድ ቀን የወንድማቸው ልጅ ግርጌው ላይ ቆማ እጇን አወዛወዘችላቸው። አጸፋውን አልመለሱም፤ ሥራ ላይ ነበሩ። አውቶቡሱ ግን ልክ እግሯ ሥር መጥቶ ቀጥ አለ።