ብቻውን የሚቆም ምት

ሙሐመድሳኒ ድቤያቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው ከመንደራ ቆጪ ሰፈር ወደ ጅሬን ዳገት በባጃጅ ሲወጡ፣ ከበሮ የታቀፈች ወጣት አጠገባቸው ተሳፈረች። ከበሮ የያዙ ሁለት ሰዎች ሳይነጋገሩ ያንን ዳገት አይጨርሱትም። ሌንሳ እንደምትባልና ሰኮሩ ከተማ ሙዚቃ እንደምታስተምር ወዲያው ታወቀ።

«የልጅ ልጄ ዩምና ቅዳሜ ኮሌጅ ትፈተናለች» አሉ ሙሐመድሳኒ በኩራት። «ለከበሮ የሚቀበሉት አንድ ተማሪ ብቻ ነው። ኢንሻአላህ እሷ ትሆናለች።»

«ብቻዋን ምን ልትመታ ነው አባባ?»

«ትልቁን የመንዙማ ምት ነዋ። እኔ አርባ ዓመት የመታሁትን።»

«ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ መንዙማ አዚያሚ አለው፣ ተቀባይ አለው። ቅዳሜ ማን ይቀበላታል?»

«ምቱ ራሱ ይበቃል መሌ» አሉ በአገራቸው አነጋገር ቆጣ ብለው።

በእሳቸው ዘንድ ተማሪ መጀመሪያ ሰው ፊት ሲቀርብ የአስተማሪውን ትልቅ ምት ይዞ መቅረቡ ወግ ነው፤ ቀለል ያለውን መስጠት ልጅቱን መናቅ መሰላቸው። እንዲህ ያለው ፍቅር ስንቱን ልጅ አሰናክሏል፤ ፍቅርነቱን ግን አልክድም።

«ሲያስተምሯት ያዜማሉ?» አለች ሌንሳ።

«እንዴታ። ሳላዜም ምን ምት አለ?»

«እንግዲያው ብቻዋን ሰምተዋት አያውቁም። ዛሬ አንድ ጊዜ ዝም ብለው ይስሟት። ከተሳሳትኩ እግርዎ ላይ ወድቄ ይቅርታ እጠይቃለሁ።»

ሽማግሌው እልህ ያዛቸውና ቤታቸው ይዘዋት ገቡ። ዩምና በረንዳው ላይ ድቤውን ተቀብላ ጀመረች። ሙሐመድሳኒ ከንፈራቸውን ገጥመው ተቀመጡ፤ ባስተማሯት ሦስት ዓመት ሙሉ ያላደረጉት ነገር ነው። ልጅቱ አንድ ዙር መታችና ቆም አለች፤ ተቀባዮች የሚገቡበት ቦታ ነው። ማንም አልገባም። ደግማ መታች፣ ደግማ ቆመች፣ ከዚያም እንዲያዜሙላት ወደ አያቷ ዞረች። ሙሐመድሳኒ ደነገጡ። ያንን ባዶ ቦታ እስከ ዛሬ በገዛ ድምፃቸው ሲሸፍኑት ኖረዋል።

«ማንም ሳያዝሽ የምትመቺው የትኛውን ነው?» ሌንሳ ጠየቀቻት።

ዩምና አፈረች። «መጀመሪያ ላይ አባባ የሰጠኝን የጣት ማፍታቻ። ከራሴ እየጨመርኩበት አስረዝሜዋለሁ።»

መታችው። በጣት ጫፍ ይጀምራል፣ በመዳፍ ይከብዳል፣ ዝም የሚልበትንም ቦታ ራሷ ትይዘዋለች።

«ይሄማ የጀማሪ ነው» አሉ ሙሐመድሳኒ፤ ድምፃቸው ግን ለስልሷል።

«ትልቁ ምት ይቆያታል አባባ፤ እጇ ሲጠና ትደርስበታለች። ለቅዳሜ የሚሆናት ለእጇ የሚመች፣ ሌላ ሰው ሳይጨመርበት የሚሞላ፣ ልስላሴዋም ጉልበቷም የሚታይበት ነው። ደግሞም ትወደዋለች። የማይወደውን ማን ሺህ ጊዜ ይለማመዳል?»

«ወላሂ፣ እኔ የመረጥኩት ለራሴ ነው» አሉ ሽማግሌው። «ሰው ሰምቶ ይህ የሙሐመድሳኒ ምት ነው እንዲል። ዩምናዬ፣ ያንቺን ምቺ። ከእንግዲህ ምት የምመርጥልሽ አፌን ዘግቼ ካዳመጥኩሽ በኋላ ነው።»

በሰባ ዓመት ዕድሜ እንዲህ ብሎ መናገር ቀላል አይደለም። ጥቅሙም ሳይውል ሳያድር ታየ፤ ዩምና ስትፈራ መጣደፏን ተወች፣ ስትሳሳት ራሷን ማረም ጀመረች፣ ተለማመጂ የሚላትም አላስፈለጋትም።

ቅዳሜ ሙሐመድሳኒ ፈተናው አዳራሽ ውስጥ ከኋላ ተቀምጠው፣ ዜማ እንዳያመልጣቸው የፎጣቸውን ጫፍ ነክሰው ዋሉ። የዩምና ስም ማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ የተለጠፈው ሰኞ ነው። እሳቸው ግን ማለፏን ያወቁት ቅዳሜ ነበር፤ ምቱ ዝም የሚልበት ቦታ ደርሳ ወደ እሳቸው ሳትዞር ስትቀር።