አልሠራም የተባለው ቺፕ

ይህ ወሬ ሊጻፍ ይገባዋል ወይ ብዬ ብዙ አመንትቻለሁ። ባተርሲ ወደሚባለው ሰፈር በሚሄድ አውቶቡስ ላይ፣ የማይተዋወቁ አንድ ሽማግሌና አንዲት ወጣት ጎን ለጎን ተቀምጠው ሲያወሩ የሰማሁት ነው።

«አባባ፣ የያዙት ቺፕ ነው እንዴ?»

«አዎ ልጄ። በወጣትነታችን እኔና ጓደኛዬ ትንሽ ኩባንያ አቋቁመን የሠራነው ማይክሮፕሮሰሰር ነው፤ የኮምፒውተር አንጎል በይው። ያኔ እንዲህ ያለ ነገር ገና ብርቅ ነበር።»

«ያለ ኮምፒውተር እንዴት ዲዛይን አደረጋችሁት?»

«በእጃችን። ትልቅ ወረቀት ወለሉ ላይ ዘርግተን፣ ጫማችንን አውልቀን፣ በላዩ እየዳህን መስመሩን እንስላለን። ቤተ ክርስቲያን የገባን እንመስል ነበር፤ የካልሲያችን ቀዳዳ ባይታይ።»

«ከዚያስ ተሸጠ?»

«የት ተሽጦ። ቴስት ስናደርገው አልሠራም፤ ኩባንያውም ተዘጋ። ጓደኛዬ የቱ ጋ እንደተሳሳትን ሲያስብ ዕድሜውን ፈጀ። አሁን ሆስፒታል ተኝቷል፤ ሐኪሞቹ ብዙ አይቆይም ብለዋል።»

«እግዜር ይማራቸው።»

«አሜን። ባለፈው ሳምንት የአንድ ሙዚየም ሰዎች ይህንኑ ቺፕ ቴስት አደረጉት። ሠራ።»

«ታዲያ ጓደኛዎ ደስ አይላቸውም?»

«ያኔ የተሳሳተው መሞከሪያው ማሽን ነበር። ማሽኑን የሠራው ደግሞ እሱ ነው።»



«እና ምን ሊሏቸው ነው?»

«ሠራ እለዋለሁ። ሌላውን ካልጠየቀኝ አልነግረውም።»

«ከጠየቁዎትስ?»

«መጠየቁ አይቀርም። ኢንጂነር ነው።»

ሽማግሌው ሆስፒታሉ ጋ ደወሉን ተጭነው ሲወርዱ፣ የእኔም መውረጃ እዚያው ሆኖ ሳለ፣ የተከተልኳቸው እንዳይመስል ከመቀመጫዬ አልተነሳሁም፤ ዕለቱ ያለፈው ሐሙስ ነበር።