ሰማያዊው ቅጂና ቡናማው ቅጂ

ጥፋተኛው ይኸው ከፊት ለፊቴ ተቀምጧል፤ ጋሽ ቀስታ ይባላል። ዛሬ ልትሸኙት የተሰበሰባችሁለት ሰው ማለት ነው። ኬኩ ሳይቆረጥ ልናገር ብዬ ነው ቀድሜ የተነሳሁት፤ ሰው አፉ ከሞላ በኋላ ጆሮው ይዘጋል።

ለአዲሶቹ ሠራተኞች ልንገራችሁ፤ እኔ የዚህ ቤተ መጻሕፍት ጠራዥ ነኝ፤ ሥራዬ ምድር ቤት ነው። ጀርባው የተገነጠለውን መጽሐፍ እሰፋለሁ፣ ጨርቅ አለብሰዋለሁ። ጋሽ ቀስታ ደግሞ ላይ፣ መጽሐፍ ማዋሻው ጠረጴዛ ላይ፣ ሃያ ሁለት ዓመት ተቀምጧል። ወረቀቴ ላይ አፍጥጬ ከቆየሁ ታገሡኝ። ማንበብ ያስተማረኝ እሱ ስለሆነ ስሳሳት ወቀሳውን ለእሱ አድርጉት።

የመጣበት ቀን ዛሬም ዓይኔ ላይ ነው። ያኔ ባለቤቴ በሕይወት ነበር፤ ጠራዡ እሱ፣ እኔ ረዳቱ። በራችን ወለል ብሎ ተከፍቶ ሳለ ሦስት ጊዜ ተንኳኳ። ቀና ስንል አንድ ቀጭን ሰውዬ ክራቫቱን አንገቱ ድረስ አስሮ ቆሟል።

«ክፍት እኮ ነው፤ ግባ» አለው ባለቤቴ።

«አውቃለሁ» አለ በሹክሹክታ። «ሰው ይኖራል ብዬ ነው።»

«ሰው ባይኖርስ አታንኳኳም ነበር?»

ቆሞ አሰበበት። እውነቴን ነው፣ አሰበበት! «ለመጽሐፎቹም ቢሆን አንኳኳ ነበር» አለ። ሲወጣ ባለቤቴ «ይሄ ሰውዬ እዚህ ወር አይቆይም» አለኝ። ሰውዬው ቆየ፤ የሄደው ባለቤቴ ነው።

ሹክሹክታውን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። ስልክ ሲያነሳ ከወዲያ ያለው ሰው «አልሰማም! አልሰማም እኮ!» እያለ የሚጮኸው እስከ ውጭው በር ይደርሳል። ጥበቃችን ጠብ የተነሳ መስሎት ስንት ጊዜ ዱላውን ይዞ ገብቷል። እህቴ፣ አንቺ ሚስቱ፣ ቤትስ እንዴት ነው? ተይው፣ አትመልሺ፤ ፊትሽ ተናግሯል።

መጽሐፍ ሦስት ወር አዘግይቶ ለሚመልስ ሰው ምን እንደሚልም ታውቃላችሁ። «እሰይ መጣህ፣ ናፍቆን ነበር» ይላል። ሰውዬው እኔን ነው ብሎ ደስ ሲለው፣ ጋሽ ቀስታ ለካ መጽሐፉን እቅፍ አድርጎ ለእሱ ነው የሚናገረው። ስሙንም ያወጣንለት በዚሁ ጠባዩ ነው። የላይኛው ቧንቧ ፈንድቶ ውኃ መደርደሪያው ላይ ሲወርድ ሁላችን ስንሯሯጥ፣ እሱ መሐል ቆሞ «ቀስታ! ቀስታ!» ይላል። ከዚያ ሁሉ ሯጭ መሐል አንሸራትቶት የወደቀው እሱ ብቻ ነው።

በሉ፣ ሳቁ በቃን። አሁን ስለ መጽሐፉ ልናገር።

የዛሬ ሰባት ዓመት ነው። ጋሽ ቀስታ ስድስት ቅጽ ያለው አንድ ረጅም ልብ ወለድ አገኘ። ዘንዶ የሚናገርበት፣ ንጉሥ የሚጠፋበት፣ የማይታወቅ አገር ካርታ ያለበት። እስቲ ሰው ይወደው እንደሆነ እንይ ብሎ መጀመሪያ ቅጽ አንድን ብቻ፣ ሁለት ያገለገሉ ቅጂዎች አስመጣ። ሁለቱም ጀርባቸው ተገንጥሎ ደረሱና ወደ እኔ ወረዱ። አንዱን ሰማያዊ፣ አንዱን ቡናማ ጨርቅ አልብሼ ላክሁ። ጋሽ ቀስታም ጠረጴዛው ላይ ደብተር አኖረ፤ ያነበበ ሁሉ አንድ መስመር አስተያየት እንዲጽፍበት።

ጉዱ የተጀመረው ከደብተሩ ነው። አንዱ «እንዲህ ያለ ጥርት ያለ ታሪክ አንብቤ አላውቅም» ብሎ ጻፈ። ሥሩ ሌላው «ጸሐፊው ጠጥቶ ነው የጻፈው» አለ። «ቀዛፊው ሽማግሌ ሲሞት እንባዬ መጽሐፉን አራሰው፤ ይቅርታ።» «የቱ ሽማግሌ? ተቀብሮ ሲያበቃ አሳ የሚጠብሰው?» «መቶ ገጽ ሙሉ ይሄዳሉ፤ ወዴት እንደሚሄዱ ለእነሱም አልተነገራቸውም።» «ቅጽ ሁለት መቼ ይመጣል? እባካችሁ!» «ቅጽ ሁለት እንዳይመጣ! እባካችሁ!»

በመጨረሻ ማንበቢያ አዳራሹ ውስጥ ስብሰባ ተጠራ። ታስታውሳላችሁ። የወዲያኛው መንገድ ፋርማሲስት ሰማያዊውን ደረቷ ላይ ለጥፋ፣ የሒሳብ መምህሩ ቡናማውን በብብታቸው ይዘው።

«ሽማግሌው ሞቷል፣ አለቀ፤ የታሪኩ ጉልበት እሱ ነው» አለች እሷ።

«እመቤቴ፣ መድኃኒት ስትሸጪ እንዲህ አንብበሽ ከሆነ እግዜር ይጠብቀን! ሽማግሌው ሞቶ ይመለሳል፤ ጸሐፊው ጊዜን እንደ ልብስ ገልብጦታል። ጥበብ ማለት ይሄ ነው!»

«ምን የሚሉት መመለስ ነው? ህልም አይተህ ይሆናል።»

አንድ ሌላ ሰው ደግሞ እንደ መምህሩ ያንኑ ቡናማ አንብቦ፣ ጥበብ ሳይሆን ቅዠት ነው ይላል። ማን የትኛውን ቅጂ እንዳነበበ የጠየቀ የለም። ዳይሬክተራችን አዳምጠው አዳምጠው ሲመርራቸው «ሰው ያልተስማማበትን መጽሐፍ ቀሪ ቅጾች አንገዛም። ለመሆኑ ይህን ማን መረጠው?» አሉ።

ጋሽ ቀስታ ተነሳ። «እኔ ነኝ የመረጥኩት። ጥፋቱ የእኔ ነው» አለ። ለመጀመሪያ ጊዜ ድምፁ ለሁሉም ተሰማ። ከዚያ ቀን ጀምሮ መጽሐፍ ሲመረጥ አልተጠየቀም። በየምሳው «ጋሽ ቀስታ፣ ዘንዶው ደህና ነው?» እየተባለ ሰባት ዓመት ተቀለደበት። እኔም አብሬ ስቄያለሁ።

አሁን ስሙኝ። ቡናማውን ያበላሸሁት እኔ ነኝ።

መጽሐፍ የሚሰፋው በእጥፍ በእጥፍ ነው፤ አሥራ ስድስት ገጽ አንድ እጥፍ ይባላል። ባለቤቴ በሕይወት ሳለ እጥፎቹን በተራ ይደረድርልኛል፣ እኔ እሰፋለሁ። እሱ ሲሞት ማንበብ እችላለሁ ብዬ ሥራውን ያዝኩ። አልችልም ነበር። ቁልሉን ሳላናውጥ፣ እንደመጣ እየሰፋሁ ኖርኩ። ቡናማውን ስሰፋ ግን ቁልሉን በክርኔ ገፋሁትና መሬት ላይ ተበተነ። አሃዝ እለይ ነበር፤ ባለ ሦስት አሃዙን ግን በመጨረሻው ምልክት ብቻ ነበር የማየው። 129 እና 209 ለእኔ ሁለቱም ዘጠኝ ነበሩ። አቀያየርኳቸው። ግርጌውን ስከረክም ደግሞ እጄ አመለጠኝና የገጹ ቁጥሮች ሁሉ አብረው ሄዱ። ሽማግሌው ተቀብሮ አሳ የሚጠብሰው በዚህ ምክንያት ነው። መምህሬ፣ አዝናለሁ፤ ጊዜን የገለበጠው ክርኔ ነው። አንድም ቁጥር የሌለውን መጽሐፍ የሒሳብ ሰው ሆነው ሳይጠረጥሩ መቅረትዎ ግን አሁንም ይደንቀኛል።

ጋሽ ቀስታ ከስብሰባው በኋላ ሁለቱን ጎን ለጎን አንብቦ አወቀ። በማግስቱ ወደ እኔ ወረደ፤ ክፍት በር አንኳኳ። ያጠፋሁትን የሚነግረኝ መስሏችኋል? አንድ ብጣሽ ወረቀት ዘረጋልኝና «ምን እንደሚል ንገሪኝ» አለ።

«መነጽሬን ረስቻለሁ» አልኩት። ለሁሉም የምሰጠው መልስ ነበር።

የራሱን አውልቆ «የኔን እንቺ» አለኝ።

አድርጌው ወረቀቱን አየሁ፣ አየሁ። እሱ አይስቅም፣ አይቆጣም፤ ይጠብቃል። በመጨረሻ አለቀስኩ። በነጋታው በምሳ ሰዓት የሕፃናት ፊደል ይዞ መጣ። ሃምሳ ዓመቴ ነበር። እንዴት ያለ ውርደት መሰላችሁ! አንዳንድ ቀን ሰድቤዋለሁ። አንድ ቀን ፊደሉን ወርውሬበታለሁ። አንስቶ፣ አራግፎ፣ «ከየት ላይ ነበርን?» ይላል። ሦስት ዓመት ፈጀ።

ከዚያ ሙሉ መጽሐፍ ላንብብ ብዬ ቡናማውን ጀመርኩ፤ በዓመት ጨረስኩት። ወጥቼ «ይሄ ጸሐፊህ እብድ ነው!» አልኩት። ሰማያዊውን ሰጠኝ። እሱንም ሌላ ዓመት አነበብኩ። አንድ ቀን 129ኛው ገጽ ላይ፣ በቡናማው እዚህ ቦታ ያልነበረ ነገር አገኘሁ። ቡናማውን አምጥቼ ገለጥኩ። ገባኝ።

«ታውቅ ነበር?» አልኩት።

«አውቅ ነበር።»

«አምስት ዓመት! ለምን ፍቺና እንደገና ስፊው አላልከኝም?»

«ብልሽ በምን አውቀሽ ታስተካክይው ነበር?»

«ለሌላ ሰው አትሰጠውም ነበር?»

«ያኔ ጥረዛውን ለውጭ ማተሚያ ቤት እንስጥ ይባል ነበር። ማን ሰፋው ብለው ይጠይቃሉ።»

እንጀራዬን አዳነልኝ፤ ይህን አልክድም። ግን አምስት ዓመት ሰው ሲቀልድበት እኔን አስስቆኛል፤ ይህንንም አልረሳለትም። እኔ የለመንኩትን ዕዳ አልነበረም የተሸከመልኝ። ተናድጄ አንድ ሳምንት አላነጋገርኩትም። ከዚያም ሁለት ዓመት ሆዴ ይፍጀው ብዬ ዝም አልኩ፤ ይህኛው ግን የእኔ ጥፋት ነው።

ባለፈው ክረምት ቡናማውን ፈታሁት። አንድ ነገር ልንገራችሁ፤ ለእሱም አልነገርኩትም። በቡናማው ሽማግሌው ከተቀበረ በኋላ ስልሳ አራት ገጽ በሕይወት ይኖራል፤ ይቀዝፋል፣ ይቀልዳል። ባለቤቴን በቀበርኩ ሰሞን እንዲህ ያለ ስልሳ አራት ገጽ ቢሰጠኝ ምን ባልከፈልኩ ነበር። እጥፎቹን ወደ ቦታቸው ስመልስ ሽማግሌውን በገዛ መርፌዬ ለዘለዓለም ቀበርኩት። ትክክል ሠራሁ። ትክክል መሥራቴ ለምን እንዳስለቀሰኝ ግን አልገባኝም።

የባሰው የሚቀጥለው ነው። አሁንማ ሁለቱም ልክ ሆነዋል፣ ሰው ይስማማል ብዬ ደብተሩን እጠብቃለሁ። ከዚያ ወዲህ አሥራ አንድ ሰው ጻፈ። አምስቱ ድንቅ ነው አሉ። አምስቱ አሰልቺ ነው አሉ። አንደኛው የሒሳብ መምህሩ ናቸው፤ «የድሮው ውበት ምን ነካው? ማነው ያበላሸው?» ብለው ጽፈዋል።

እኔስ ምን ልበል? ሰባት ዓመት ጠቡ ሁሉ በእኔ እጅ የመጣ መስሎኝ ነበር። ግማሹ የእኔ ነው፤ ግማሹ ከየት እንደመጣ ጭንቅላቴ አልደርስበት አለ። «ታዲያ መጽሐፉ ጥሩ ነው መጥፎ?» ብዬ ጋሽ ቀስታን ስንቴ ጠየቅኩት። «አንቺስ ምን ትያለሽ?» ይለኛል። ሁለቱንም ቅጂ አንብቤያለሁ፤ መልሱን ግን አላውቅም። አንድ ጊዜ እወደዋለሁ፣ አንድ ጊዜ ወርውሪው ወርውሪው ይለኛል። ያስተማርከኝ እንዲህ ግራ እንድጋባ ከሆነ፣ በደንብ አስተምረኸኛል።

ዳይሬክተራችን፣ እርስዎም ይስሙኝ። ይህ ሰው መጥፎ መጽሐፍ አልመረጠም። መጥፎ መሆን አለመሆኑን ማንም አላወቀም፤ ምክንያቱም ግማሹ ሰው ያነበበው እሱ የመረጠውን ሳይሆን እኔ የሰፋሁትን ነው። ቅጽ ሁለት ሳይመጣ የቀረው በእኔ ነው። ይገዛ አይገዛ እርስዎ ያውቃሉ፤ ስሙን ግን ዛሬ፣ እዚሁ፣ እሱ እየሰማ ይመልሱለት።

ጋሼ፣ አንገትህን አትድፋ፤ ገና አልጨረስኩም። ሃምሳ ዓመት ፊደል ሳልለይ የኖርኩትን ሴት ዛሬ ሰው ፊት ቆሜ እንዳነብ አድርገሃል። ምስጋና መናገር አልተማርኩም፤ እሱን ፊደል ላይ አላገኘሁትም። አመሰግናለሁ። ተናድጄብሃለሁም። የቱ እንደሚበዛ እኔም አላውቀው፤ ሁለቱንም ይዘህ ሂድ።

በሉ ብርጭቋችሁን አንሱ፤ ጥበቃው፣ አንተም ዱላህን አስቀምጥና አንሳ። ለጋሽ ቀስታ! ጉልበትህ ደረጃ አይፍራ፣ ዓይንህ አይድከም። ሚስትህ አንድ ቀን እንኳ የምትለውን ትስማህ። ጠዋት ማንም የማይቀሰቅስህ እንቅልፍ ይስጥህ። በሄድክበት ሁሉ የሚያነብ ሰው አይጣህ።

እኔ ግን እላችኋለሁ፤ ከዛሬ ጀምሮ በእኔ እጅ ሥራ ሌላ ሰው ሲወቀስ እየሰማሁ፣ አንገቴን ደፍቼ አልሰፋም።