አሥራ አንድ ዓመት ያልታየ ራስ

(ኮምቦልቻ፣ ብረታ ብረት ቤት ውስጥ፤ በያጁ አንዳርጌ መዶሻ ጨብጧል፤ ታላቅ እህቱ ትርንጎ በሩን ከውስጥ ቆልፋ ቁልፉን ይዛ ቆማለች።)

አንዳርጌ፦ ክፈቺ ብዬሻለሁ! አለዚያ በሩን ከነመቃኑ ነው የማወርደው!

ትርንጎ፦ አውርደዋ፣ የሙላትን መንጋጋ እንዳወረድከው። የሥራ ባልደረባህ ጤና ጣቢያ ደም እየተፋ፣ ፖሊስ እየመጣ፣ አንተ እዚህ ትፎክራለህ።

አንዳርጌ፦ ሳቀብኛ! ስወድቅ «በጠዋት ጠጥቶ መጣ» ብሎ ሠራተኛውን ሁሉ አሳቀብኝ!

ትርንጎ፦ ጠጥተህ ነበር?

አንዳርጌ፦ ጠብታ አልቀመስኩም!

ትርንጎ፦ ታዲያ በዚህ ደልዳላ ሲሚንቶ ላይ ምን ጣለህ?

አንዳርጌ፦ ቁልፉን አምጪ!

ትርንጎ፦ ሚስትህ ነግራኛለች። ወር ሙሉ ጠዋት ጠዋት ያስመልስሃል፤ ራስህን ከግድግዳ ታጋጫለህ። በስምንት ዓመትህም እንዲሁ ነበር የጀመረህ።

አንዳርጌ፦ ያ ዕጢ ወጥቷል! ጭንቅላቴን ከፍተው ነቅለውታል! ሃያ ዓመቱ!

ትርንጎ፦ ሐኪሙስ ምን አለ? «ጎልምሶም፣ ወልዶም ቢሆን በየጊዜው ጭንቅላቱን ኤም አር አይ ይነሣ፤ ዘግይቶ የሚመለስ አለ» አላለም? አሥራ አንድ ዓመት የሆስፒታሉን ደጅ አልረገጥክም። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም።

አንዳርጌ፦ የፈሩት ይደርሳል የሚባለውስ? እዚያ ስሄድ በሽተኛው ልጅ ነኝ። ስቀር ሰው ነኝ፤ ባል ነኝ፤ አባት ነኝ! ዞር በይ!

ትርንጎ፦ አንገቴን ልቀቅ! አን... ዳርጌ!

አንዳርጌ፦ ቁልፉን ስጪኝ፣ እገድልሻለሁ!

ትርንጎ፦ እንካ! ይኼ ጥፊ ያንስሃል! በደም የራሰ ትራስህን ያጠብኩት እኔ ነኝ፤ ገና በአሥራ አምስት ዓመቴ። ግደለኝና ሬሳዬን ተራምደህ ውጣ!

አንዳርጌ፦ አትጠጊኝ! በዚህ መዶሻ ነው የምልሽ!

ትርንጎ፦ በለኛ! ምን ትጠብቃለህ?... ቆይ፣ ወዴት ነው የምታየው? እኔ እዚህ ነኝ።

አንዳርጌ፦ ሙላትን ልመታው አልነበረም።

ትርንጎ፦ እና?

አንዳርጌ፦ ሁለት ሆኖ ታየኝ። ላስደነግጠው ብዬ የሌለ የመሰለኝን መታሁ፤ እውነተኛው እሱ ሆኖ ተገኘ።

ትርንጎ፦ ወይኔ ወንድሜ! አሁንስ?

አንዳርጌ፦ አሁንም ሁለት ሆናችኋል፣ እታለም። የትኛዋ ነሽ? እጄን ያዢና ውሰጂኝ።