ለኬንያ ሽማግሌዎች የታሰረው በግ

ሳሙና ልግዛ ብዬ ነው ከቤት የወጣሁት። ሱቁ አጠገባችን ነው፤ እግሬ ግን ዞሮ ዞሮ መናኸሪያ ነው የሚያደርሰኝ፤ ከአላባ በኩል የሚመጣ መኪና መጀመሪያ የሚታየው እዛ ስለሆነ። አባዬ ወንዳፈረው ሹፌር ነው። ሆሳዕና ሲገባ ጥሩንባውን ሁለቴ ረዘም፣ አንዴ አጠር አድርጎ ያሰማል። ያን ድምፅ ከሰማሁ ክረምቱ አልፎ መስቀልም አለፈ። ኤንትሬ የጭነት መኪና ሲያጓራ በሰማሁ ቁጥር እሮጣለሁ፤ ከዛ የሌላ ሰው አባት ይወርዳል።

ያን ቀን ከአውቶብሱ የወረደው ጋሽ ዳኘ ነበር። የአባዬ ጓደኛ ነው፤ እሱም የሞያሌ መንገድ ሹፌር ነው።

"ብርቅዬ ነሽ አይደል? ቁመትሽን ምን እያበሉት ነው?" አለኝ።

"ጋሽ ዳኘ፣ አባዬን አዩት?"

"አየሁት እንጂ። ናይሮቢ ጋራዥ ውስጥ ጋቢናው ላይ ነው የሚተኛው። ደህና ነው፣ ከስቷል እንጂ። 'ብርቅዬ አስራ ሁለተኛን ጨረሰች አይደል?' አለኝ። ላገኘው ሰው ሁሉ ይሄንኑ ነው የሚያወራው።"

ሳልፈልግ እንባዬ መጣ። ጋሽ ዳኘ እንዳላየ ሆኖ ሻንጣውን ማስተካከል ጀመረ።

ግጭቱንማ ድሮ ሰምተናል። አባዬ ድርጅት ያስጫነውን በርበሬ ይዞ ኬንያ ገባ። ኢሲኦሎ የሚባል ከተማ ሳይደርስ ድልድይ ላይ ተራ ሲጠብቅ፣ ጉዮ የሚባል የቦረና ሰው ፍሬን እምቢ ብሎት በጭነት መኪናው ከኋላ መጣበት። የኛ መኪና ተገፍታ ከድልድዩ ግንብ ጋር ተላተመች። ሰው አልሞተም፣ እግዜር ይመስገን። ሁለቱ ወርደው ተቃቀፉ። መንገድ እንዳይዘጋ ብለው መኪናዎቹን ገፍተው ዳር አወጡ። ከዛ ለይቅርታ የሚያዝ እርጥብ ሳር ፈለጉ፤ ያ አገር በረሃ ነው፣ ከየት ይመጣል? ወንዝ ወርደው ፈልገው አገኙ። ጉዮ ሳሩን ይዞ "ጥፋቱ የኔ ነው፣ ይቅር በለኝ" አለ። አባዬ ይቅር አለ። አብረው በሉ። እኛ ጋ የደረሰው ወሬ ይሄ ነው።

"ታዲያ ከታረቁ ለምን አይመጣም?" አልኩት።

"በምን ይምጣ? ኬንያ ሲገባ መኪናዋ ፓስፖርቱ ላይ ተጽፋለች። ሳይዛት ልውጣ ቢል ድንበር ላይ አያሳልፉትም። እሷ ደግሞ ናይሮቢ ድረስ ተጎትታ ገብታ ቆማለች፤ ሻንሲዋ፣ የሥር ብረቷ፣ ተጣሟል፣ ራዲያተሩ ተበስቷል፣ በሯ የለም። ባለጋራዡ የናንተ መድን ይሁን ካላለ ብሎን አልፈታም ብሏል። የናንተ መድን ደግሞ ባለቤቱ ቀርቦ ሳያመለክት ይሁን አይልም። ባለቤቱ ማነው?"

"አባባ ናቸው።"

"እንግዲህ አባትሽን እዛ ያስቀመጡት እሳቸው ናቸው። ጉዮ እንኳን በዛው ቀን ፖሊስ ጋም ለራሱ መድንም ሄዶ 'ጥፋቱ የኔ ነው' ብሏል። የሱ መድን ሰዎች እስካሁን የናንተን መድን ሰዎች እየጠበቁ ነው።"

አባባ አያቴ ናቸው፣ አቶ ወልደኪዳን። ከሸዋ ለሥራ መጥተው እዚሁ ጡረታ የወጡ፣ ደግ ሰው ናቸው። የአባዬን እርቅ የሰሙ ቀን በደስታ ገበያ ሄደው በግ ገዙ። ለምን መሰላችሁ? በኛ ወግ የበደለ ሰው ሽማግሌ ይልካል፤ ሽማግሌዎቹ ሳር ይዘው ደጅ ይቆማሉ። ስለዚህ የጉዮ ሽማግሌዎች ከኬንያ ድረስ ሆሳዕና ይመጣሉ ብለው ነዋ። በጉን ጓሮ እንሰቱ ሥር አስረው ይቀልቡታል። በጉ ሰባ፣ አባዬ ከሳ።

እቤት ስደርስ አባባ እንሰቱን ተደግፈው ለበጉ ሳር ያቀርባሉ። እማዬ ልብስ እያጠበች ነበር። ሳሙናውን ረስቼዋለሁ፤ እሷ ግን ፊቴን አይታ ማጠቧን ቀጠለች።

"አባባ፣ ጋሽ ዳኘን አገኘሁት። አባዬ ከስቷል አለኝ።"

"ይከሳላ። የሰው አገር እህል መቼ ይስማማል።"

"ነገ አዋሳ መድን ቢሮ እንሂድና ያመልክቱ።"

"ጀመረች" አሉ፤ የሚነግሩት ለበጉ ነው። "አስራ ሁለተኛን ጨረሰችና ዳኛ ሆናብን ቀረች።"

"ዳኛ አልሆንኩም፣ ይስሙኝ ብዬ ነው እንጂ።"

"አንቺ ስሚኝ፣ የኔ ልጅ። አባትሽ ከሰውየው ጋር ሳር ይዞ ታርቋል፣ አብሮ በልቷል። ከበሉ በኋላ ሄዶ መክሰስ ምን ይባላል?"

"መክሰስ አይደለም እኮ፣ ማሳወቅ ነው።"

"ማሳወቅና መክሰስ የአንድ እናት ልጆች ናቸው።" ግራ ቀኝ አዩና ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። "በዚህ ዘመን ስንቱን ቤት ማሳወቅ ነው የፈጀው። እኔ በስተርጅና የማንንም ስም ቢሮ አልወስድም።"

እውነታቸውን ነው። እኔም እኮ ልጅ ብሆን ያየሁት አለ። ግን ለሰው መጥፊያ ማሳወቅና ለመኪና መጠገኛ ማሳወቅ አንድ አይደለም፤ ይሄን እንዴት አድርጌ እንደምለው ጠፋብኝ።

"ደግሞ መድን ሟርት ነው" አሉ። "መኪናው ገና ሳይነሳ 'ብትጋጭ' ብሎ መዋዋል። አባትሽ ወደ ውጭ ስሄድም ይሸፍነኝ ብሎ አስጨመረበት። ይኸው ተጋጨ።"

"አባባ፣ የተደገፉት ምንድን ነው?"

"እንሰት ነዋ። ዓይንሽን አመመሽ?"

"ረሃብ ይምጣ ብለው ነው የተከሉት?"

ወደ እንሰቱ ቀና ብለው አዩ።

"ራስዎ ነዎት የነገሩኝ። ከሸዋ እንደመጡ 'ዓመታት የሚጠበቅ ቅጠል ምን ያደርጋል' ብለው ሲስቁ፣ ጎረቤታችን አቶ ባፈና በግድ አስተከሉዎት። በሰባ ሰባት አገር ሲራብ ከጉድጓድ የወጣው ቆጮ ነው እኛን ያሳለፈን። ታዲያ እንሰቱ ነው ረሃቡን የጠራው?"

እማዬ ፊቷን ወደ ማጠቢያው ሳፋ ደፍታ ሳቀች።

"እሺ፣ ሟርቱን ተውኩልሽ" አሉ። "ሌላ ምን አለሽ?"

"መድን እንደ እድር ነው። ሁሉም ያዋጣል፣ የደረሰበት ይነሳል።"

"እድር ድንኳን ይተክላል፣ አስከሬን ይሸኛል፣ አብሮሽ ያለቅሳል። መድንሽ ያለቅሳል?"

ምን ይባላል? አያለቅስም።

በዚህ መሀል ጎረቤታችን አቶ ባፈና በአጥር በኩል ሲያልፉ አንገታቸውን አስገቡ። "ጋሽ ወልደኪዳን፣ የዚህ በግ ቀንድ ዞሮ ጆሮው ገባ እኮ። ኬንያዎቹ እስኪመጡ እሱ ራሱ ሽማግሌ ሆኖ ያስታርቃችኋል።"

"ይመጣሉ" አሉ አባባ፣ ሳይስቁ። "መንገዱ ርቆባቸው ነው እንጂ ይመጣሉ። ሳር ይዞ ይቅርታ የጠየቀ ሰው ሽማግሌ ሳይልክ አይቀርም።"

ይሄን ሲሉ የአላባን መንገድ ያዩ ነበር። ከጓሮአችን በዛፎቹ መሀል ትንሽ ይታያል። ለካ አባባም ማታ ማታ እዚህ የሚቆሙት ለበጉ ብለው አይደለም። እኔ መናኸሪያ፣ እሳቸው ጓሮ፣ እማዬ የአባዬን ካፖርት እያወጣች እየመለሰች፤ ሦስታችንም አንድ ሰው ነው የምንጠብቀው፤ አንዳችን ለአንዳችን አንናገርም። ያኔ ነው የጋሽ ዳኘ ነገር ትዝ ያለኝ።

"አባባ፣ ሽማግሌ መጥቶ ደጅ ቆሞ፣ በር ሳይከፈትለት ቢቀር ምን ይባላል?"

"ነውር ነው። ከነውርም እርግማን ያመጣል። እኔ ወልደኪዳን ሽማግሌ ደጅ አቁሜ አላውቅም።"

"ጉዮ ልኳል እኮ።"

"ምን?"

"በዛው ቀን ለራሱ መድን ሄዶ 'ጥፋቱ የኔ ነው፣ የወንዳፈረውን መኪና አስተካክሉልኝ' ብሏል። ጋሽ ዳኘ ነው የነገረኝ። እዛ አገር ለብረት የሚላከው ሽማግሌ መድን ነው። ጉዮ ልኳል፣ የተላኩትም መጥተዋል። የኛ መድን ወጥቶ እንዲያናግራቸው የእርስዎን ቃል ነው የሚጠብቁት። በሩን የዘጋነው እኛ ነን።"

አባባ የያዙትን ሳር ለበጉ ሳይሰጡ ቆሙ።

"ከመቼ ጀምሮ?"

"ከክረምት ጀምሮ።"

"ውሃ እንኳን ሳይባሉ?" አሉ ቀስ ብለው። ከዛ እንደገና አሰቡ። "ጉዮስ? ቃሌን ስሰጥ ሰውየው አይጎዳም?"

"እንዲያውም ይገላገላል። እስካሁን የሰው መኪና ሰብሮ ሳያስጠግን የተቀመጠ ሰው ነው። የኛ ዝምታ ነው እሱን ባለዕዳ አድርጎ ያስቀመጠው።"

ሳሩ ከእጃቸው ወደቀ፤ በጉ ወዲያው በላው።

"ከበቡሽ" ብለው እማዬን ጠሩ። "ኮቴን አውጪልኝ።"

"አባባ፣ አሁን እኮ የአዋሳ መኪና የለም" አለች እማዬ።

"ጠዋት ነው የምንሄደው። አሁን አውጪውና ይናፈስ፤ ሽማግሌ ፊት ነው የምቀርበው።"

አዋሳ የተቀበለን ሰውዬ የሚያስፈራ ነገር አልነበረውም። ምን ሆነ፣ የት ሆነ፣ ማን ምን አለ ብሎ ጠየቀ። አባባ እንደ ችሎት ቆመው ስለ ሳሩም ስለ እርቁም አንድ በአንድ ተናገሩ። ሰውዬው አዳመጣቸውና "እርቁ ጥሩ ነው አባቴ፣ ማንም አያፈርስባችሁም። ግን ፖሊስ መጥቶ ሳያይ መኪና ከቦታው አይነሳም፤ ለኛም ወዲያው ነው የሚነገረው። ጉዮ እውነተኛ ሰው ባይሆን ኖሮ ማን ማንን እንደገጨ በምን ይታወቅ ነበር?" አላቸው። አባባ አንገታቸውን ደፉ። ስንመለስ አውቶብሱ አላባ ሲደርስ "ይሄን ሁሉ ጊዜ" አሉ።

እናንተ አባታችሁ፣ ባላችሁ፣ ወንድማችሁ ወደ ውጭ የሚነዳባችሁ፣ ይሄን ከኔ ስሙ። ከመሄዱ በፊት መድኑ ድንበር ይሻገር እንደሆነ ጠይቁ። ግጭት ከደረሰ ይታረቅ፣ ይቃቀፍ፣ ይብላ፤ ግን ፖሊስ ይጥራ፣ ለመድኑም በቶሎ ይንገር። እርቅ ለሰው ነው፤ የተጣመመ ሻንሲ በእርቅ አይቃናም። ደግሞ ያልተነገረው ነገር የሚያስረዝመው የጥገናውን ጊዜ ብቻ አይደለም፣ የኛንም ናፍቆት ነው።

ከዛ በኋላም ቶሎ አልመጣም። የመድኑ ገማች አያት አሉ፣ ተስማሙ አሉ፣ ብሎን ተፈታ አሉ። እኔ መናኸሪያ መሄዴን አልተውኩም፤ አሁን ግን አባባም ከዘራቸውን ይዘው ይከተሉኛል፣ ሳሙና ልንገዛ ነው ብለን።

አንድ ከሰዓት በኋላ ካፊያ እየጣለ፣ ሁለቴ ረዘም፣ አንዴ አጠር ብሎ ተሰማ። አባባ ከዘራቸውን ጣሉት።

መኪናችን ብርቱካን ቀለም ናት፤ አንዱ በሯ ግን ሰማያዊ ሆኖ መጣ። አባዬ ከሰማያዊው በር ወረደ። አንገቱ ቀጥኗል፣ ፂሙ ሸብቷል። እማዬ ከቤት እስክትመጣ እኔ ሸሚዙን ይዤ አልለቅም አልኩ፤ ናፍጣ ናፍጣ ይሸታል፣ እኔ ያን ሽታ ስፈልግ ነው የኖርኩት። መስተዋቱ ላይ የደረቀ ሳር ታስሯል።

"ሳሩን ጉዮ ድንበር ድረስ ሸኝቶኝ ነው ያሰረው" አለ አባዬ። "እኔም ተገላገልኩ፣ አባትህን እጅ ንሳልኝ ብሏል።"

አባባ መኪናዋን ዞረው ሰማያዊውን በር ዳበሱት።

ማታ በጉ ታረደ። አቶ ባፈና ዘንድሮ ሽማግሌ አጣን ብለው ቀለዱ። አባባ አልሳቁም፤ በጋቢያቸው ጫፍ ዓይናቸውን እየጠረጉ ወደኔ ዞሩ።

"ብርቅዬ" አሉኝ። "መድን አያለቅስም ብዬሽ ነበር አይደል?"

"አዎ፣ አባባ።"

"አያለቅስም። ለሚያለቅሰው ሽማግሌ ግን ልጁን ያመጣለታል።" ትልቁን ሥጋ አንስተው አባዬን አጎረሱት።