የተደፈነው መስኮት

ቅዳሜ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ተኩል ነበር፤ ደረቅና ብርዳም የኅዳር ነፋስ ከፉሪ በኩል ይነፍሳል።

በ፲፱፻፹፰ ዓ.ም. እኔ መምህር ነበርሁ። ቅዳሜ ቅዳሜ ግን ለቡ ዳርቻ፣ ለችግረኛ ቤተሰቦች በአነስተኛ ዋጋ ቤት ለሚሠራ የበጎ ፈቃደኞች ማኅበር ብሎኬት እሸከም ነበር። የማኅበሩ ደንብ አንድ ነው፤ ቤቱን የሚረከበው ቤተሰብም አብሮን ይሠራል።

ያን ቀን የነርስ ትምህርት ቤት ተማሪ ከሆነው ከኤልዳድ ጋር መስኮት ተሸክመን መጣን። ባለፈው ቅዳሜ ለመስኮቱ ክፍት የተውነው ቦታ በብሎኬት ተደፍኗል። የቤቱ ባለቤት እማማ ቡዜ ከፊቱ ቆመው ጭቃውን በመዳፋቸው ይለስናሉ።

«እማማ፣ መስኮታችንን ማን በላው?» አለ ኤልዳድ።

«እኔ ጥርስ የለኝም። ዘጋሁት እንጂ።»

«ስለምን?»

«ልጄ ቤተልሄም በታኅሣሥ ትወልዳለች። አራስ በምትተኛበት ክፍል መስኮት የሚከፍት ሰው የት አገር ነው ያለው? አንተ መጽሐፍ ቆጥረሃል፤ እኔ ስምንት አራስ ጠብቄአለሁ።»

«እናትም ሕፃንም ንጹሕ አየር ይፈልጋሉ፣ እማማ።»

«በበሩ የሚገባው ይበቃቸዋል። ታላቅ እኅቷን ዓለሚቱን የገደለብኝ ነፋስ ነው።»

መስኮቱን መሬት አስቀመጥነው። ነፋስን መፍራት የቆየ ጥንቃቄያችን ነው፤ ከፍቅር የሚነሣ ስለሆነ ሊነቅፉት ይከብዳል። ኤልዳድም ድምፁን ዝቅ አደረገ።

«እግዜር ያጽናዎ። ነፋሱ በየት ገባባት?»

«እሱን ነው የማላውቀው። የጎፋው ቤታችን ግድግዳ ስንጥቅጥቅ ነበር፤ ሁሉንም በገዛ እጄ መረግሁት። መስኮቷን በጋዜጣ ለጠፍሁ፤ በሩ ሥር ጆንያ ወተፍሁ። ከሰሉንም ጭሱ እስኪያልቅ ደጅ አቆይቼ፣ ፍሙ ሲቀላ አስገባሁላት። የሚካኤል ዋዜማ ነበርና እኔ ቤተ ክርስቲያን አደርሁ። ጠዋት ስመለስ እሷም ሕፃኑም እንደተኙ ነበሩ። ጉንጯ ቀይ ነበር። እንደዚያ አምሮባት አላውቅም።»

ኤልዳድ ፊቱ አመድ መሰለ። እኔም ገባኝ። ክንዱን ያዝሁና «ተወው፤ አትንገራቸው» አልሁት በሹክሹክታ።

«ቤተልሄም የምትተኛው እዚህ ነው» አለኝ።

ከዚያ ወደ እሳቸው ዞረ። «እማማ፣ ነፋስ አልገባባትም። የከሰል ፍም ጭሱ ካለቀም በኋላ ሽታም ቀለምም የሌለው መርዝ ያወጣል። ክፍተት ካገኘ ይወጣል። ካላገኘ የተኛ ሰው ሳይነቃ ይሞታል፤ ጉንጩም ይቀላል። በትምህርት ቤት ተምሬዋለሁ፤ ሆስፒታልም በዓይኔ አይቻለሁ።»

እማማ ቡዜ አልጮኹም። ጭቃ የያዘ እጃቸውን ወደ ፊታቸው አቅርበው ተመለከቱት።

«ስንጥቁን የመረግሁት እኔ ነኝ» አሉ።

«አያውቁም ነበር።»

«ከሰሉንም እኔ ነኝ ያስገባሁት።»

ከጎረቤት ቤት የግንበኞች መዶሻ ይሰማል።

«ዘጠኝ ዓመት ዘገየህ፣ ልጄ» አሉ በመጨረሻ። «ለይቺስ ብርዱን በምን ልከልክላት?»

«በብርድ ልብስና በትኩስ አጥሚት። ከሰሉ ደጅ ይቅር። መስኮቱ ከአልጋዋ ራቅ፣ ከፍም ያለ ነው፤ ነፋሱ አያገኛትም። ቀን ሲከፍቱት ፀሐይ ይገባል፤ የግድግዳው እርጥበት ይደርቃል፤ ሕፃኑም ከሳል ያርፋል።»

እስከዚያ ቀን ድረስ ማኅበራችን ቤት ሲያስረክብ የሚሰጠው ቁልፍ ብቻ ነበር። ሰው የቀድሞ አኗኗሩን ይዞ ወደ አዲስ ግድግዳ እንደሚገባ አላሰብንም። ከዚያ ቅዳሜ በኋላ ስለ ከሰልና ስለ መስኮት ሳያስረዱ ቁልፍ መስጠት በማኅበሩ ደንብ ተከለከለ፤ የሚያስረዱትም እማማ ቡዜ ራሳቸው ሆኑ።

ያን ጠዋት ግን ግንቡን ላፈርስ ያነሣሁትን መዶሻ እማማ ቡዜ ከእጄ ወሰዱ። ጭቃው ስላልደረቀ ብሎኬቶቹ ቶሎ ለቀቁ። ስምንተኛው ሲወጣ ነፋሱ ገብቶ ነጠላቸውን ከራሳቸው ገፈፈው፤ አልመለሱትም። እጃቸውን ሳይታጠቡ ወደ ታክሲው መንገድ ተራመዱ።

«ወዴት ነው፣ እማማ?» አለ ኤልዳድ።

«ጎፋ፣ የድሮ ሰፈሬ።»

በዚያ ሳምንት በጎፋው ሰፈራቸው መስኮት ተዘግቶ ከሰል የገባላቸው ሦስት አራሶች ነበሩ።