ዝናቡ ከወሬው ይቅደም

ክቡራትና ክቡራን ጓዶች፣ በተለይም የክትባት ቡድናችን አለቃ ጓድ ኃይለመስቀል፣ ዳቦና ሻይ አዘጋጅታችሁ ስለጠራችሁኝ አመሰግናለሁ። ታይፒስታችን ወይዘሮ እማዋይሽ ከቀበሌ የደረሳቸውን ስኳር ለሻዩ እንደሰጡ ሰምቻለሁ። የእኔ መሄድ ስንት ኪሎ ስኳር እንደሚያወጣ ዛሬ ገባኝ።

ንግግርህ አጭር ይሁን ተብያለሁ። ይህን ያሉት የሰኞን ስብሰባ ለማክሰኞ የሚያሻግሩት ጓድ ኃይለመስቀል ናቸው።

እኔን ታውቁኛላችሁ። የሺጥላ፣ የመኪናው ረዳት። ሰባተኛ ክፍልን ሁለት ጊዜ የተማርኩት ስለወደድኩት ነው፤ ስምንተኛን ያልተማርኩት እሱ ስላልወደደኝ ነው። የወይዘሮ እማዋይሽን ጫማ የታይፕ መኪናው ሽፋን ስር የምደብቀው፣ ሾፌራችንን ጋሽ ደሬሳን "ጎማው ተንፍሷል" እያልኩ በየኬላው የማስወርዳቸው እኔ ነኝ። ዛሬም የእያንዳንዳችሁን አረማመድ አሳያለሁ ብላችሁ ጠብቃችኋል። ጓድ አለቃ አስቀድመው ኮስተር ያሉት ለዚህ ይመስለኛል።

አላሳይም። አፍሬያለሁ።

ለምን እንዳፈርኩ የማያውቅ እዚህ ቤት የለም። ግን ሁላችሁም የሰማችሁት ከጋሽ ደሬሳ ነው። ከእኔ አፍ ሳትሰሙት ብሄድ ሌላ ቀልድ ይሆንብኛል።

ዝናቡ ቀርቶ ሁሉም ሰው አንጋጦ ሰማይ በሚያይበት ሰሞን ከደምበል ወደ ጅጅጋ ስንመለስ ጎማ ፈነዳብን። ጋሽ ደሬሳ መኪናው ስር ገቡ። ሁላችንም በሶማሊኛ አዴር፣ አጎቴ፣ የምንላቸው የጥበቃችን የዋበሪ እናት፣ እማማ ሆዶ፣ ፍየልና ግመላቸውን ይዘው እዚያው መንገድ ዳር ሰፍረው ነበርና ወደ እኔ መጡ።

በዚህ አገር ከመንገድ የመጣ ሰው መጀመሪያ የሚጠየቀው ምንድን ነው? ስሙን አይደለም። ወሬ ነው። ዝናብ የት ጣለ? ሳር የት በቀለ? እሱ በመለሰው ቃል ቤት ይነቀላል፣ ግመል ይጫናል። አላውቅም ነበር? አውቃለሁ። አዴር ዋበሪ ራሳቸው ከመስክ ስንመለስ ወሬ ሳይጠይቁን በሩን ከፍተውልን አያውቁም ነበር።

"ልጄ፣ ደምበል ዘንቧል?" አሉኝ እማማ ሆዶ።

የውሃ በርሜላችን አንጠባጥቦ የኋላው ጎማ ረጥቦ ነበር፤ አፈርም ይዟል። ዓይኔ እዚያ ላይ አረፈ፤ አፌ ተከተለው።

"የዘገየነው እኮ ጭቃው አላሳልፍ ብሎን ነው። ጎማውን አያዩትም?" አልኳቸው በገበያ ሶማሊኛዬ።

ጎማውን ዳሰሱት። ጣታቸውን አሸተቱ። መረቁኝ። ከዚያ የመልካም ወሬ አምጪ ሳይጠጣ አይሄድም ብለው ከወለደችው ግመላቸው የታለበ ወተት አመጡልኝ። ጠጣሁት። አፌን ጠርጌ "ቀልዴን ነው" ልላቸው ስል ጋሽ ደሬሳ "ና ግባ፣ እንሂድ" አሉኝ። ገባሁ። ሳቄን ይዤ ጅጅጋ ደረስኩ።

እማማ ሆዶ በማግስቱ ቤታቸውን ነቅለው ወደ ደምበል ሄዱ። ደምበል አቧራ ነበር። ሲመለሱ አብዛኞቹ ፍየሎች መንገድ ላይ ቀርተዋል። ወተቷን የጠጣሁት ግመልም ልጇ ሞቶባት ነበር።

አዴር ዋበሪ ምን አደረጉኝ? ቢመቱኝ እችለው ነበር፤ ጀርባዬ ለምዶታል። ምንም አላደረጉኝም። እኔን ወሬ መጠየቅ ብቻ ተዉ። በሩን ይከፍቱና እኔን አልፈው ጋሽ ደሬሳን ይጠይቃሉ። አንድ ቀን አላስችል ብሎኝ "አዴር፣ እኔም እኮ አይቻለሁ" አልኳቸው።

"አንተ ጋ ያለው ሳቅ ነው" አሉኝ። "መሳቅ ስፈልግ እጠራሃለሁ።"

የዚያን ቀን ጋሽ ደሬሳ ፊት አለቀስኩ። እሳቸው ምክር አያውቁም፤ የሚያውቁት ስድብ ነው። "አንተ ጅል፣ ምላስህ ከዓይንህ ቀድሞ ይሮጣል" አሉኝ። "ሰው ሲጠይቅህ መጀመሪያ የት ቆመህ እንዳየኸው ተናገር። የቆምክበት ቦታ ከሌለ አላየህም ማለት ነው።"

ቀላል ይመስላል? እስቲ ሞክሩት። እኔ ስሞክረው የማወራው ሁሉ አለቀብኝ። ወይዘሮ እማዋይሽ "ምነው፣ አሞሃል እንዴ?" እስኪሉኝ ድረስ። ድኛለሁ አልልም። ቀልዱ አሁንም ይመጣል፤ ጥርሴ ላይ አስቆመዋለሁ፤ አንዳንዴ ያመልጠኛል። ወይዘሮ እማዋይሽ፣ ሲወጡ ግራ ጫማዎን መስኮቱ ላይ ይፈልጉ።

ደምበል ተዛውሮ የሚሠራ ማን ይሂድ ሲባል እጄን ሳወጣ ሳቃችሁ። የምሬን ነበር። እዚያ ያሉ ሰዎች ታሪኬን ሰምተዋል፤ "ያ የጭቃው ልጅ" ቢሉኝ እውነታቸውን ነው። ቢሆንም አንድ ቀን አንድ ሰው ይጠይቀኝ ይሆናል፤ ያን ቀን ያየሁትን ልንገረው ብዬ ነው። ከዚህ ግቢ ግን አንድ ጊዜ እንኳ ሳልጠየቅ መውጣት ከበደኝ። ትናንት ሻንጣዬን አድርሼ ከደምበል ስመለስ አዴር በሩን ከፈቱ፤ እኔን ግን አልጠየቁኝም። ስለዚህ ባልጠየቅም ልናገር። ደምበል ላይ ደመና አለ።

ምን አሉ፣ አዴር? ከኋላ ያላችሁ እስቲ ዝም በሉ፣ ልስማቸው።

"የት ቆመህ አየኸው?"

ደረቁ ወንዝ ውስጥ፣ አዴር። ከመኪናው ወርጄ። ደመናው በምዕራብ በኩል ነው፤ ቀጭን ነው። አንድ ጠብታ እንኳ አልነካኝም። አሸዋውን በእጄ ቆፈርኩት፤ ከስሩም ደረቅ ነው። ለእማማ ሆዶ ይንገሩልኝ፤ ገና አይነሱ።

ይቅርታ ጓዶች፣ ውሃ አቀብሉኝ።

እንግዲህ ጓድ ኃይለመስቀል፣ ስብሰባዎ ይጠርልዎ፣ ዕድሜዎ ይርዘም። ወይዘሮ እማዋይሽ፣ ቤትዎ ስኳር አይጥፋበት። ጋሽ ደሬሳ፣ ከእኔ የተሻለ ረዳት ይስጥዎ፤ ጎማው ተነፈሰ ሲልዎ በእውነት የተነፈሰ ይሁን። አዴር ዋበሪ፣ በርዎ ላይ የሚቆም ሁሉ ያየውን ይንገርዎ። የእማማ ሆዶ ግመል ደግማ ትውለድ። ለሁላችንም ዝናቡ ይቅደም፤ ወሬው ከኋላው ይድረስ።